ትርሓስና የጎፈሬው ብሩሽ

ትርሓስ ካዛንቺስ ውስጥ ባለው የጋሽ መዝገቡ ፎቶ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ስትሠራ ሙያዋ ሪታች ነበር። ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስ ትጠግናለች፤ የታጠበው ፎቶ ላይ ነጭ ነጥብ ከቀረ በብሩሽ ትሞላለች። ብሩሹ ታዲያ ከሱቅ እንደወጣ ሥራ ላይ አይውልም። አዲስ በተገዛ ቁጥር ምላጭ ታወጣና ፀጉሩን ትመለምለዋለች፦ አንዱን ለቅንድብ፣ አንዱን ለከንፈር ጠርዝ፣ አንዱን ደግሞ ሦስት ፀጉር ብቻ አስቀርታ ለዓይን ብርሃን። እነዚህን ብሩሾች የነካባት ሰው ወዮለት።

በ1998 ዓ.ም. ጋሽ መዝገቡ ጨለማ ክፍሉን ዘጉና ኮምፒውተር፣ ስካነርና ፕሪንተር አስገቡ። ከኮምፒውተሩ ጋር ሔኖክ መጣ፤ ፎቶሾፕ የተማረ፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ጎፈሬው በር የሚያጣብብ። ለትርሓስ መቀስና ማስመሪያ ተሰጣት፤ ጉርድ ፎቶ ቆራጭ ሆነች። አላለቀሰችም። ሔኖክ ምሳ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ላይ እየተቀመጠች በሦስት ወር ውስጥ የተቀደደ ፎቶ ማገጣጠምና ጭረት ማጥፋት ለመደች። ጋሽ መዝገቡ ግን «የደንበኛ ሥራ በሔኖክ እጅ ነው የሚወጣው» አሉ፤ በቃ።

ጥር ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ የሚባሉ እናት ከቡልጋሪያ ሰፈር መጡ። የሟች ባለቤታቸውን ፎቶ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ሌላ ፎቶ የላቸውም። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰውየው በጉብዝናቸው ጊዜ፣ ያን የዘመኑን ትልቅ ጎፈሬ አበጥረው የተነሱት። የቤታቸው ጣሪያ አፍስሶ ውሃው ፊታቸውን ቢምርም ከግንባር በላይ ያለውን ልጦ ወስዶታል።

«ልጄ ሩቲ እሑድ ትዳራለች» አሉ። «ሳሎን ላይ ይሰቀላል። አባቷ እያያት ትውጣ።»

ሔኖክ ተቀበለ። ከኢንተርኔት የተለቀሙ፣ በማውዝ ሲጎተቱ የተዘጋጀ ቅርጽ የሚስሉ የፎቶሾፕ ብሩሾች የሞሉበት ሲዲ ነበረው፤ ከመሐሉ «ፀጉር» የሚለውን መረጠና ረቡዕ ጨረሰ። ሐሙስ ወይዘሮ ሙሉነሽ መጥተው ፎቶውን አዩት።

«ይሄ ማነው?»

«ባለቤትዎ ናቸው፣ እማማ።»

«የኔ ባል? በዘይት የተለጠፈ ፀጉር እኮ ነው! የጣልያን ጋራዥ ባለቤት አስመሰልከው። ሩቲን ምን ልበላት? እንጀራ አባትሽ ነው ልበላት?»

ሔኖክ ሌላ ብሩሽ ሞከረ፤ ፀጉሩ ወደ ጎን ተኛ። ሦስተኛው የድመት ቆዳ መሰለ። ጋሽ መዝገቡ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባምቢስ ላለው ፎቶ ቤት ልንሰጠው ነው።»

«ለእኔ ይስጡኝ» አለች ትርሓስ፣ መቀሱን እንደያዘች። «ቅዳሜ ጠዋት አስረክባለሁ።»

«ካበላሸሽውስ?»

«ከመቀሱ አልነሳም።»

«ካማረስ?»

«የኮምፒውተሩን ወንበር ይሰጡኛል።»

ጋሽ መዝገቡ አንዴ ሔኖክን፣ አንዴ ወይዘሮ ሙሉነሽን አዩና «ይሁን» አሉ።

ትርሓስ በመጀመሪያ ሲዲውን ፈተሸች። ሁለት መቶ ምናምን ብሩሽ አለው፤ ጭስ፣ ደመና፣ ሣር፣ ለስላሳ ፀጉር፣ ረጅም ፀጉር። ጎፈሬ የለም። የሠሩት ሰዎች ጎፈሬ አላበጠሩም፤ ከየት ያምጡት? እሷ ደግሞ ያጣችውን ብሩሽ በምላጭ ስትሠራ ነው የኖረችው። ይሄኛው በምን ይመለመላል? የፎቶሾፑን ዝርዝር አንድ በአንድ ስትከፍት የመረጡትን ምስል ወደ ብሩሽ የሚለውጥ ትእዛዝ አገኘች። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ይሆናል፣ ነጩ ይጠፋል።

የሹራብ ክር ፈትታ ስካነሩ ላይ አኖረች። የወጣው ሹራብ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ሞከረች፤ ስፖንጅ ሆነ። አርብ ረፋድ ላይ አንገቷን ልታሳርፍ ቀና ስትል ሔኖክ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ጎፈሬውን አየችው። ትክ ብላ አየችው።

«ምነው ትርሑዬ?»

«ና እስቲ ቁጭ በል።»

«መቀሱን አስቀምጪዋ መጀመሪያ!»

«ከኋላ ትንሽ ነው፣ ማንም አያይም።»

«ስድስት ወር ያሳደግኩት ነው እኮ! ማለቴ... እሺ በቃ፣ ግን ከፊት እንዳትነኪ፣ የፊቱ ስሜ ነው።»

ሁለት ጣት የምትሞላ ፀጉር ቆረጠች። የስካነሩ መስታወት ላይ በተነች፣ ነጭ ወረቀት ደረበችበት፣ ስካን አደረገች፣ ግራጫውን አጥርታ ብሩሽ አደረገችው። መጀመሪያ ስታሰምር ጥቅልሎቹ እንደ ዶቃ በሰልፍ ተደረደሩ። ሔኖክ ሳቀ።

«መቁጠሪያ ሠራሽላቸው!»

በምላጭ የምታደርገውን በቁጥር አደረገችው፦ በምቶቹ መሐል ያለውን ርቀት አጠበበች፣ እያንዳንዱ ምት በራሱ አቅጣጫ እንዲዞር ፈቀደች፣ መጠኑን አንዴ ተለቅ አንዴ አነስ አደረገች። እንደገና አሰመረች። ሔኖክ ሻዩን አስቀመጠ።

«እንዴ!»

«ገና ነው» አለች። ለጠርዙ ደግሞ በሦስት ፀጉር ብቻ ሌላ ብሩሽ ሠራች። ጎፈሬ ጠርዙ ላይ ብርሃን ያሳልፋላ፤ ካላሳለፈ ቆብ ነው። መሐሉን በትልቁ፣ ዳሩን በትንሹ እየሞላች አመሻሽ ላይ ጨረሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ሙሉነሽ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ጋሽ መዝገቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሔኖክ የራሱን ማጅራት ዳበሰ።

«ሚዶውስ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

«የምን ሚዶ፣ እማማ?» አለች ትርሓስ።

«ከኋላ ኪሱ አይለየውም ነበር፤ አሁን ያበጠረ ነው የሚመስለው!» አሉና ፎቶውን ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። «እሱ ነው። ራሱ ነው! እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ ነገ መጥተሽ ካልበላሽ ተቀያይመናል።»

ሴትዮዋ እንደወጡ ጋሽ መዝገቡ ከወንበሩ ላይ የሔኖክን ጃኬት አነሱና ለሔኖክ ሰጡት። ከጃኬቱ ጋር መቀሱን።

ትርሓስ ተቀመጠችና ብሩሾቹን በስም አስቀመጠች። ሔኖክ በትከሻዋ በኩል አጮለቀ።

«ምን ብለሽ ሰየምሽው?»

«ሔኖክ አንድ። ጠርዙ ሔኖክ ሁለት።»

«ስሜ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ ማለት ነው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ጉርድ ፎቶ ለመቁረጥ ማስመሪያውን እያነሳ።

ትርሓስ ከቦርሳዋ ነጠላዋን አውጥታ ጥለቱን ስካነሩ ላይ ዘረጋች። ሰኞ የሚረከብ፣ የሙሽራዋ ጥለት በብል የተበላ የሠርግ ፎቶ ነበራት።