አስር ዓመት የማይሰበር ኪቦርድ

ሸህ አብዱሰላም ብዕር ሲቀርጹ መጀመሪያ የሚያዩት መቃውን አይደለም። አዲስ ደረሳ ቁርአን ሊቀራ ሲመጣ ፊት ለፊታቸው ያስቀምጡትና «እስቲ እጅህን» ይሉታል። መዳፉን ይዘው ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፤ አውራ ጣቱን ጫን ያደርጉና ፊቱን ያያሉ። ቢላዋ የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ለትንሽ እጅ ቀጭን፣ ለሚያልበው እጅ ሸካራ፣ ለግራኝ ደግሞ ጫፉ በሌላ በኩል ይቆረጣል። መካነ ሰላም ከተማ ዳር ባለው ግቢያቸው አርባ ዓመት ሲያቀሩ እንዲህ ነው የኖሩት። ሰሌዳው እንደነገሩ ቢሆን፣ ቀለሙ ቢቀጥን ግድ የላቸውም፤ ብዕር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው እንግዲህ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ የሰው እጅ ሳያዩ ዕቃ የመረጡት። ያችም ቀን እስካሁን አልለቀቀቻቸውም።

ፈዲላ የበኩር ልጃቸው ናት። እናቷ ታናሿን መርዋን በተገላገለች በሳምንቷ ስትሞት ፈዲላ አስር ዓመቷ ነበር፤ መርዋን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሃያ ሲሞላት እንደ እኩዮቿ ጅዳ ሄደች። በሁለት ዓመት ውስጥ የቤቱ ሣር ክዳን ቆርቆሮ ሆነ፣ መርዋ አዲስ ዩኒፎርም ለበሰች፣ በእግራቸው ኩስ ኩስ ሲሉ የኖሩት ሸህ ደግሞ የበቅሎ ጌታ ሆኑ። በሦስተኛው ዓመት ፈዲላ የሁለተኛ ፎቅ መስኮት ስትወለውል ወደቀች። ተመልሳ ስትመጣ ሁለት ሰው ነው ተሸክሞ ከሚኒባስ ያወረዳት። እግሮቿ አይታዘዙም፤ ቀኝ እጇ ጨርሶ ደክሟል። የቀሩላት የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ጉልበት የላቸውም።

ሰው ሁሉ «አብሽሪ» እያለ ጠይቋት ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ረጅም ነበር። ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ትውላለች፣ ለመርዋ ብቻ ትንሽ ትንሽ ታወራላታለች። አንድ ቀን ሸህ አብዱሰላም በር ላይ ውዱእ ሲያደርጉ ድምጿን ሰሙ። ጅዳ ትጠብቀው ስለነበረው የስምንት ዓመት ልጅ ነበር የምታወራው። ልጁ ወንድም የለው፣ ጓደኛ የለው፤ አብሮት የሚጫወት ሲያጣ ሥራዋን አስጥሎ ከኮምፒውተሩ ፊት ያስቀምጣት ነበር። የመኪና እሽቅድምድም ያስተማራት እሱ ነው። መጀመሪያ ከገደል ገደል ስትወረወር በሳቅ ይሞት ነበር፤ በኋላ ግን ትቀድመው ጀመር፣ እሱም አኮረፈ። ይህን ስትናገር ፈዲላ ሳቀች። ሸኹ የልጃቸውን ሳቅ ከሰሙ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ውዱኡን ከየት እንዳቋረጡት ጠፋባቸው።

በሳምንቱ በቅሎዋ ተሸጠች። በቅሎዋን የገዛችው እሷ፣ ብትሸጥም ለሷ ነው አሉ። በዋጋዋም መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ኮምፒውተር ከሚጠግነው ከክንፈ ሱቅ ጨዋታ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ገዙ። ከተማው መቼም አፉን አይዝም፤ ሸህ ሆነው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ቤታቸው ያስገባሉ ተባለ። እሳቸው መልስ የሰጡት አንዴ ብቻ ነው። ልጄ መሄጃ አጣች፣ መሄጃ ገዛሁላት አሉ፤ በዚያው ዝም ተባለ።

አብሮት የመጣው ኪቦርድ ያረጀ፣ ፊደሉ ግማሽ በግማሽ የተፋቀ፣ ቁልፎቹ ግን ለስላሳ ነበሩ። የጣት ጫፍ ሲያርፍባቸው ዝቅ ይላሉ። ፈዲላ ቀስት ያለባቸውን አራት ቁልፎች በሁለት ጣቶቿ እየነካካች መኪናዋን ትነዳለች። ከዐስር ሶላት መልስ፣ መብራት ካለ፣ ሸኹ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ መደቡ ላይ ይቀመጡና መንገድ ይጠይቋታል። የት ደርሰሻል ሲሏት ወረኢሉ ልገባ ነው ትላለች። ይሄ አስፋልት መቼ ተሠራ ሲሏት መንግሥት ለእኔ ብቻ ነው የሠራው ትላለች። አንዳንዴ ሆን ብላ ከግንብ ጋር ታላትመዋለች፤ እሳቸው «ያ ረብ» ብለው ከመደቡ ሲነሱ እህትማማቾቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። መኪናው እንደማይጎዳ አውቀው እንኳን ሁልጊዜ ይደነግጡ ነበር።

በ2006 መግቢያ ትኩሳት ይመላለስባት ጀመር። ደሴ ወሰዷት። ሐኪሙ ሸኹን ለብቻቸው ጠርቶ ኩላሊቶቿ እየደከሙ መሆኑን፣ ዓመቱን መሙላቷን እንደሚጠራጠር ነገራቸው። አመስግነው ወጡ። ለመርዋም ለማንም አልተናገሩም፤ በሆዳቸው ይዘውት ተመለሱ። በሚኒባሱ ውስጥ ፈዲላ ፊታቸውን እያየች ነበር፣ ግን ሐኪሙ ምን አለ ብላ አልጠየቀችም።

በዚያው ሰሞን ኪቦርዱ ዝም አለ። ሸኹ በፌስታል ይዘውት ክንፈ ዘንድ ሄዱ። ጊዜው የሳውዲ ተመላሾች በገፍ የገቡበት ነበር። ወጣቶቹ በሻንጣ ይዘው የመጡትን ዕቃ ባገኙት ዋጋ ይሸጡ ስለነበር የክንፈ መደርደሪያ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ክንፈ ደግሞ ከሚሸጠው ዕቃ ጥሩነቱን ትቶ ጉድለቱን መናገር የሚቀናው ነጋዴ ነው፤ ሀብታም ያልሆነውም ለዚህ ነው። ገመድ አልባውን ማውስ ይተዉት፣ ባትሪ ይበላል አላቸው። የጆሮ ማዳመጫው ስፖንጅ ዓመት ሳይሞላው እንደሚፈረፈር ቆንጥሮ አሳያቸው። ዕቃ ሲያዩ መጀመሪያ ገመዱ ከዕቃው የሚገናኝበትን አንገቱን ይዩ፣ ሁሉም ነገር የሚሞተው እዚያ ጋ ነው አለ። ያመጡትንም ገልብጦ አየና እሱም የተበጠሰው አንገቱ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ሊጠገን እንደሚችል ነገራቸው።

እሳቸው ግን አዲስ ነበር የፈለጉት። ክንፈ ሁለት ኪቦርድ ፊታቸው አኖረ። አንዱ ቀጭን፣ ቀላል፣ ፊደሉ በላዩ ላይ የታተመ ነው፤ በያዙት ብር እሱን ከነእጅ ማሳረፊያው ስፖንጅና ከአንድ ደህና ማውስ ጋር ያገኛሉ። ሌላው ከሪያድ የመጣ ጎረምሳ የሸጠው፣ ሲያነሱት እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ ከሥሩ ብረት ያለው ነው። ከየቁልፉ ሥር ጠንካራ ጥምዝ ሽቦ አለው፤ ሲጫኑት ቀጭ ይላል። ፊደሉ የተቀረጸ ነው፣ በጥፍር ቢፍቁት አይለቅም። ከፈረንጁ ፊደል ጎን የዐረብኛው አለ። ሸኹ አሊፍን አዩ፣ ባን አዩ፣ ጣታቸውን አሳረፉበት። ብሩ ለዚህ ብቻ ነበር የሚበቃው።

«ስንት ዓመት ይቆያል?» አሉ።

«ቀጭኑ በደንብ ከተያዘ ሁለት ዓመት።»

«ይሄስ?»

«ይሄ አስር ዓመት አይሰበርም። ግን ሸኼ፣ የጎረምሳ እጅ ነው የሚፈልገው። ለፈዲላ የሚመቻት ቀጭኑ ነው። ካላመኑኝ ሁለቱንም ይውሰዱና ትሞክራቸው፣ የከበዳትን ይመልሱልኛል።»

ሸኹ ግን ሁለት ዓመት ከሚለው ቃል በኋላ የተባለውን በደንብ አልሰሙም። ከደሴው ሐኪም ጋር በልባቸው ክርክር ይዘው ነበር። አስር ዓመት የሚቆይ ዕቃ የተገዛላት ልጅ እንዴት በዓመት ትሞታለች? አላህ ያን ያህል ዕቃ በከንቱ አያስገዛም። ሽማግሌ ሰው፣ የተማረ ሰው፣ በዚያች ሰዓት እንዲህ ነበር የሚያስበው፤ ደግሞ ማን ይፈርድበታል። ከባዱን አስጠቀለሉ። አሮጌውን እዚያው ጥለውት ወጡ።

ኪቦርዱን ጭኗ ላይ ሲያኖሩት ፈዲላ ክብደቱ ተሰማት። አንዱን ቁልፍ በጣቷ ነካችው፤ አልወረደም። ሁለተኛውን ጣቷን ደርባ ተጫነችው፣ ቀጭ አለ።

«ስንት ዓመት ይቆያል አለ፣ አባ?»

«አስር።»

ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ፈገግ አለች። «ማሻአላህ። እንግዲህ አስር ዓመት ልነዳልዎ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሸኹ ግቢ ውስጥ ሲያቀሩ ቀጭ ቀጭታው በመስኮት ይመጣል። የደረሶቹ ጩኸት መሐል ለይተው ይሰሙታል። ሲሰሙት ልባቸው ይረጋል፣ ልጃቸው አለች ማለት ነው። ሲቋረጥ ንባብ ያስቆሙና ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ እንደገና ሲጀምር «ቀጥሉ» ይላሉ። በታኅሣሥ ውርጭ ጊዜ ግራ እጇን ሁልጊዜ ከሻርፗ ሥር እንደምትደብቀው ልብ አሉና ጠየቋት። ብርድ ነው፣ ከዐስር በኋላ መንዳቱንም ያስተወኝ እሱ ነው አለቻቸው። መካነ ሰላም ነውና በታኅሣሥ የማይበርደው የለም፤ አመኗት።

ፈዲላ ሰኔ ላይ አረፈች። ጠዋት አንድ ሁለቴ ቀጭ አድርጋ አቆመች፤ ሸኹ ሲገቡ መርዋ የእህቷን ራስ ደግፋ ይዛለች። ለዐስር ሶላት ሳይደርስ ተቀበረች።

በሦስተኛው ቀን፣ ለተዕዝያ የመጣው ለቀስተኛ ሲሳሳ፣ ሸኹ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍኚው አሏት መርዋን። መርዋ ግን ወደ ፈዲላ ፍራሽ ሄደችና ከሥሩ አንድ ነገር አውጥታ ፊታቸው አኖረች። ያ ፊደሉ የተፋቀው አሮጌ ኪቦርድ ነበር።

ክንፈ ዘንድ ጥለውት የመጡት እንዴት እዚህ ተገኘ ብለው ጠየቋት። መርዋ እያለቀሰች ነገረቻቸው። አዲሱ በተገዛ በሁለተኛው ቀን ፈዲላ ክንፈ ዘንድ ላከቻት፤ ክንፈ ገመዱን ቀጥሎ ሰጣት፣ ገንዘብም አልቀበልም አለ። ሸኹ መስጊድ ሲሄዱ አሮጌውን ይሰኩታል፣ ያኔ ነበር ፈዲላ የምትጫወተው። ሳላቸው ከበር ሲሰማ መርዋ ትነቅለውና ከፍራሹ ሥር ትከተዋለች። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ይሰማ የነበረው ጨዋታ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንኳን ፈዲላ ከባዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት ጣቶቿን ደራርባ ትጫነው ነበር፣ እሳቸው እንዲሰሙ። ማታ ላይ ያበጡትን ጣቶች ለብ ባለ የጨው ውኃ የምታጥብላት መርዋ ነበረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እምቢ አለችኝ፣ አባ። ‹አባ የገዙልኝ ኪቦርድ አይደለም፣ ዕድሜ ነው። ከበደኝ ብዬ እንዴት እመልስላቸዋለሁ?› አለችኝ።»

ሸህ አብዱሰላም ከባዱን ኪቦርድ ወደ ጭናቸው ሳቡት። ትንሿን ጣታቸውን አሊፍ ላይ አሳረፉና ልጃቸው በነበራት ጉልበት ልክ፣ ቀስ ብለው ተጫኑ። አልወረደም። ደግመው ሞከሩ፤ አልወረደም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ እጅ ሲዳብሱ ኖረው የራሳቸውን ልጅ እጅ አንዲት ቀን «እስቲ እጅሽን» አላሏትም። ከሻርፑ ሥር እንኳን ገልጠው አላዩም። ያን ቀን መርዋ አባቷ ድምፅ አውጥተው ሲያለቅሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች፤ ምን እንደምታደርግ ጨነቃትና አሮጌውን ኪቦርድ አቅፋ ተቀመጠች።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፏል። ኮምፒውተሩ ራሱ ተቃጥሎ ተጥሏል። ከባዱ ኪቦርድ ግን ኪታቦቹ ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ላይ አለ፤ ክንፈ መልሼ ልግዛው ቢላቸውም እምቢ ብለዋል። አንድ ቁልፍ አልላላም፣ አንድ ፊደል አልጠፋም። ክንፈ እንዳለው ነው፣ ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል።

ሸኹ ዛሬም ያቀራሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ እናቷ አመጣችላቸው። እጇን ተቀብለው ጣቶቿን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ ብዕር ቀርጸው ሰጧትና ሦስት ፊደል አስጻፏት። ድሮ በዚህ ይበቃቸው ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብለው ያምሻል ወይ አሏት። ልጅቱ አያመኝም አለች። አላመኗትም፤ እጇን ሳይለቁ ደግመው ጠየቋት።