ቀለም ያፈሰስንባቸው እንቁላሎች

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት አንኮበር ነው። ቤታችን ገናን እንደ ሰፈሩ ሰው ነበር የሚያከብረው፤ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ አዲስ አበባ ፈረንጅ ቤት ሠርታ እስክትመለስ ድረስ። ለዋዜማው ሁለት ቆርቆሮ የበር ቀለም ይዛ መጣች፤ ቀይና ሰማያዊ። እንቁላሉን ጫፍና ጫፉን በመርፌ በስቶ፣ በአፍ እፍ ብሎ ውስጡን ማውጣት፤ ከዚያ ቅርፊቱን በክር አንጠልጥሎ ቀለሙን ከላይ ማፍሰስ፤ ሲደርቅ ጥድ ላይ ማሰር ነው። እናቴ «በጾም እንቁላል? የፈረንጅ ጣጣሽን እዚያው!» ብላ ነበር። አክስቴ ሳቀችባት። «ማን ብዪው አለሽ? ውስጡ ለነገ ፍስክ ይቀመጣል» አለቻት።

እናቴ እንኳን ለጨዋታ፣ ለራሷም ልብ አልነበራትም። ታናሽ እህቴን ትክትክ ይዟት ሰንብቷል። ስትስል ያስመልሳታል፤ ያስመለሰው ደግሞ አይቆርብም። ሁለት እሑድ እንዲሁ አመለጣት። እናቴ «ሥጋ ወደሙን ትቀበል እንጂ ልጄ ትድናለች» እያለች ተስፋዋን ሁሉ እዚያ ላይ ጥላ ነበር። በዋዜማው ዕለት ሳሉ ከጧት ጀምሮ ጋብ አለ። እህቴ ሌሊት በገናው ቅዳሴ እንድትቆርብ ከማታ ወዲህ እህል ውሃ አልቀመሰችም። የሚቆርብ ሰው ዝንብ እንኳ አፉ ቢገባ ቀረ ማለት ነው። እናቴ እየተመላለሰች ደረቷን ታዳምጣለች፣ ጋቢዋን ታጠብቅላታለች፣ እኛን «ጭስ አታምጡባት!» እያለች ትቆጣለች።

እህቴን ክር እንድትይዝልን ብቻ ነበር ያስቀመጥናት። ቀዩ ቀለም በነጩ ቅርፊት ላይ እየወረደ ከሰማያዊው ጋር ሲቀላቀል ስታይ ግን አላስቻላትም፤ አንድ የተበሳ እንቁላል አንስታ እፍ አለች። ያ የደከመ ደረቷ መች ይችላል! ትንፋሽ አጠራትና ወደ ውስጥ ሳበችው። አገጯ ላይ ዝልግልግ ያለ ነገር ወረደ።

«ኡኡ! ዋጥሽው? ትፊ! ትፊው ልጄ!» አለች እናቴ። እህቴ አገጯን በጋቢዋ ጠረገች። አክስቴ ቀለም በነካው እጇ አፏን ይዛ ቀረች።

አባቴ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ በር ላይ ነበሩ። የሚያቆርቡት እሳቸው ናቸው። ተመልሰው ፊቷ ቁጢጥ አሉና «አልዋጥሽውም አይደል፣ የኔ ልጅ? ከንፈርሽን ብቻ ነው የነካሽ?» አሏት። ውሸት ሲሰሙ ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰው፣ መልሱን በአፏ ሲያስቀምጡላት በዓይኔ አየሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም በልቤ «አልዋጥኩም በይ! በይ እንጂ!» እላለሁ።

«ውጬዋለሁ፣ አባባ» አለች።

አባቴ እንደምንም ተነሡ። «እንግዲህ ለእሑድ ይሁን» አሉ።

«እሑድ ሳሉ እንደሚተዋት ማን ነገረዎት?» አለች እናቴ። እሷም መሬት ላይ ዘፍ ብላ ታለቅስ ጀመር።

እህቴ ከጋቢዋ ወጥታ አንገቷን አቀፈቻት።

«አይዞሽ እማዬ» አለቻት። «እሑድ አልስልም።»