ነውሩ ተነግሮ የተሸጠው ሎጅ

ወይዘሮ ጤናዬ ገዱ ደባርቅ ዳር ባለው ሎጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ አጥበዋል። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲናገሩ ሰው ጠጋ ይላል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነው የተመረጡትም በዚሁ ይመስለኛል፤ በስብሰባ ሁሉም ሲጯጯህ እሳቸውን ለመስማት ብቻ ዝም ይባል ነበር።

እንግዳ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሲያልፈው ሎጁ ከሰረ። ፍርድ ቤቱ ንብረቱን የሚሸጥ ባለአደራ ሾመ። ባለአደራው አቶ ባርናባስ ከጎንደር መጥተው ሠራተኛውን ሰበሰቡና ቁርጡን ነገሩት፦ የሚሸጡት ሕንፃውንና ዕቃውን ነው፤ ገዢው ሠራተኛ አልፈልግም ካለ እሳቸው ሊያስገድዱት አይችሉም። አርባ አንድ ሰው ሊበተን ሆነ። ጤናዬ በማኅበሩ ስም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ገዢዎች ሲመጡ ቤቱን የምናሳየው እኛ እንሁን አሉ። አቶ ባርናባስም ተስማሙ።

የመጡት ሁለት ገዢዎች ነበሩ፤ አንደኛው የባሕር ዳር ባለሆቴል፣ ሁለተኛው አቶ ደምለው የሚባሉ የእህል ነጋዴ። ሠራተኛው ግቢውን ጠርጎ፣ መስኮቱን ወልውሎ ጠበቃቸው። ጤናዬ ግን በቀጥታ ይዘዋቸው የገቡት ሰባት ቁጥር ክፍል ነው። የዚህ ምድጃ ጭስ፣ ነፋሱ በሊማሊሞ በኩል ሲመጣ ወደ ውስጥ ይመለሳል አሏቸው። ቀጥለው በታኅሣሥ ውርጭ የሚፈነዳውን ቧንቧ አሳዩ። ከዚያ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ከዚያ አመለኛውን ጄኔሬተር። ባለሆቴሉ ጄኔሬተሩ ጋ ሲደርሱ ደብተሩን አጥፎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ወጥ ቤት የሚሠራው አለምነህ፣ ጤናዬን ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ጓሮ ጎተት አደረጋቸው።

«እትዬ ጤናዬ፣ ስንት ዓመት አጥበው አጥበው ዛሬ ቤቱን አቆሸሹት።»

«አባቴ ዳባት ገበያ በቅሎ ሲሸጥ መጀመሪያ ነውሯን በዋስ ፊት ይናገር ነበር» አሉት። «ነውር ደብቆ የሸጠ፣ በቅሎዋ በሳምንቱ ትመለስበታለች።»

«ይቺ ስትመለስ እኛ የት ተገኝተን? ተበትነን የለ!»

«አባቴ ነውሯን ከተናገረ በኋላ አያያዟንም ይናገር ነበር። እኔ ገና አልጨረስኩም።»

ተመልሰው አቶ ደምለውን እንደገና ከሰባት ቁጥር ጀምረው አዞሯቸው። አሁን ግን በየነውሩ ላይ ከሠራተኞቹ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ልደቱ የትኛው መስኮት ስንት ጣት ሲከፈት ጭሱ እንደሚወጣ አሳየ። ደርቤ በውርጭ ወራት አመሻሽ ላይ እንዳይፈነዳ የትኛውን ቧንቧ ከፈት አድርጎ እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛውን በጆንያ እንደሚጠቀልል ነገራቸው። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ጎኑን በቡጢ መታ ሲያደርገው ተነሣ፤ አቶ ደምለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ጠየቁ።

«እነዚህ ሰዎች ቢሄዱስ?»

«ምድጃውና ቧንቧው ከእርስዎ ጋር ይቀራሉ» አሉ ጤናዬ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አቶ ደምለው ሎጁን ገዙ። ዋጋው ከታሰበው አንሷል፤ ለዚህ ጤናዬን የሚወቅሱ ዛሬም አሉ። ውሉ ላይ ግን ሠራተኛው በሙሉ፣ ከነአገልግሎት ዘመኑ፣ በሥራው ይቀጥላል የሚል አንቀጽ ገባ፤ የስም ዝርዝርም ተያያዘ።

በፊርማው ቀን፣ በማኅበሩ ስም የሚፈርሙት ጤናዬ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ሃና የለችም» አሉ።

አቶ ባርናባስ፣ ሃና የምትባለው አልጋ አንጣፊ ሁለት ወር ሥራ ላይ ስላልተገኘች ከዝርዝሩ እንደቀረች አስረዱ።

«አራስ ናት። አራስ ሥራ ለቀቀች አይባልም።»

ወረቀቱ በማኅተም አልቋል፤ እንደገና ይጻፍ ከተባለ ጎንደር ደርሶ መምጣት ነው ተባለ። ጤናዬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። አቶ ደምለው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡና ከአርባኛው ስም ሥር የሃናን ስም በእጃቸው ጻፉ፤ እሳቸውና አቶ ባርናባስ ከጎኑ ፈረሙበት። ጤናዬ እስክሪብቶውን ያነሱት ከዚያ በኋላ ነው።