በሁዳዴ የተፈቀደው ዜማ

ልብስ ላጥብ ስል ከሹራቤ ኪስ አንዲት ጥቁር ጎማ ወጣች። የቫዮላ ገመድ ላይ ስትሰካ ድምፁን ታለዝባለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። እኔን ግን አፕል ቫሊ ወደነበረው አፓርታማችን፣ ሃይስኩል ወደጀመርኩበት ዓመት ሁዳዴ ይዛኝ ነጎደች።

ያኔ አራት ተማሪዎች ሆነን አንድ ኳርቴት ነበረን፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቼሎ፣ መሃላቸው ደግሞ ከቫዮሊን ትንሽ የምትተልቀውን ቫዮላ የያዝኩ፣ ማንም ልብ የማይላት እኔ። አስተማሪያችን የሰጠችን ሥራ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ፈረንሳይ አገር የተጻፈ ነበር። መጀመሪያ ላይ የምትሰማ አንዲት ዜማ በአራቱም ክፍል መልኳን እየቀየረች ብቅ ትላለች፤ አንዴ ታኮርፋለች፣ አንዴ ትስቃለች። ሁለተኛው ክፍል ደጋናችንን አስቀምጠን ገመዱን በጣት የምንነካካበት፣ ቁጭ ያለን ሰው የሚያስነሳ ነው። እሱን ስወደው ለጉድ ነበር።

አባዬ ከሻኮፒ መጋዘን ሺፍቱን ጨርሶ ሲገባ ጆሮው ላይ ያረፈው ይኸው ክፍል ሆነ። እኛ ቤት ሁዳዴ ሲገባ የክራርና የማሲንቆ ካሴት ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ እስከ ፋሲካ የሚሰማው በገና ብቻ ነው።

«ይሄ ክራር አይደለም እንዴ? በጾም?» አለኝ ጫማውን ሳያወልቅ።

«ሆምወርክ ነው፣ ዳዲ! ግሬድ አለው!»

«ሆምወርክም ይሁን። በሁዳዴ ጭፈራ የለም።»

ኮንሰርቱ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ነው። እኔ ከቀረሁ ሦስቱም ቀሩ ማለት ነው። አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እማዬ ናት «እስቲ ሌላውንም ስማላት፤ ሁሉም ጭፈራ ነው?» ያለችው። ዓይኔን ጠርጌ ጎማዋን ሰካሁና ሦስተኛውን ክፍል ጀመርኩ። ዝግ ያለ ነው፤ ዜማውን ቫዮላ ይዞ ሌሎቹ ዝቅ ብለው ይከተሉታል። ድምፁ ከጓዳ እንደሚሰማ ጸሎት ነው። አባዬ ኮፍያውን አወለቀ።

«ይሄስ ይሁን፤ ይሄ የጾም ነው» አለ ስጨርስ።

ስምምነታችን እንዲህ ሆነ፤ እኔ ሙሉውን ልጫወት፣ እሱ ግን ጭፈራውን ላይሰማ። የኮንሰርቱ ቀን ደጋናችንን ስናስቀምጥ ከመሃል ረድፍ ተነስቶ «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያለ፣ የሰው ጉልበት እየተሻገረ ወጣ። ኮሪደር ላይ ቆይቶ ሦስተኛው ሊጀመር ሲል ተመለሰ። እኔ በእፍረት ጆሮዬ ጋለ። አራተኛው ፈጣን ቢሆንም ቁጡ ነው፤ ቁጣ ጭፈራ አይደለም ብሎ መሰለኝ ቁጭ ብሎ ሰማው። ሰው ሲያጨበጭብ እሱ በገና እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቀረ። አልወደደውም ብዬ ከፋኝ። መኪና ውስጥ ግን የበገናውን ካሴት ሳይከፍት ብዙ ከነዳ በኋላ «ያቺ የመጀመሪያዋ ዜማ መጨረሻም ላይ መጣች፣ አይደል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሙገሳ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም።

አሁን ካሴቶቹ ማጫወቻ የላቸውም፣ አባዬም ጡረታ ወጥቷል። ባለፈው እሁድ፣ ሁዳዴም ስለሆነ፣ የጾሙን ልጫወትለት ሄድኩ። እንደ ልማዴ ጎማዋን ሰካሁ። እሱም እንደ ልማዱ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ቆይቶ ቀና አለና፦

«ጀምሪያ፣ ልጄ» አለኝ።

እኔ ግን ግማሹን ተጫውቼው ነበር፤ የለዘበው ድምፅ ለካ ጆሮው አልደረሰም። ጎማዋን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።