የእህቴ ክላክስ

የእህቴ ባል ዕድሜውን ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ፣ እኩዮቹ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ወሬ ሲሰልቁ፣ እሱ አሮጌ አውቶቡስ ገዝቶ የተሳፋሪ ወንበሮቹን ነቃቅሎ ቤት አደረገው። አልጋ አለው፣ የዕቃ ማጠቢያ አለው፣ መጋረጃ አለው። "አገር እናያለን" አላት እህቴን። እሷም ልብስ ሰፊነቷን ትታ፣ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ተከተለችው። ዓመት ሳይሞላቸው ደም ግፊት ጣላት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ ምላሷም ተሳሰረ። አውቶቡሱ ከዚያ ወዲህ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

የቆመው አስፋልት ዳር፣ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ የችግኝ ጣቢያ አለ፤ ባልየው እዚያ ውኃ አጠጪ ሆኖ ገባ። ማዶ ደግሞ አውቶቡስ የሚያስቆም ቦታ የለም። እህቴ ቀን ቀን የሹፌሩ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስትፈልገው ክላክሱን በግራ እጇ ትጫናለች፤ እሱ ቱቦውን እዚያው ጥሎ ይሮጣል። መሮጥ ብቻ! ግራ ቀኝ ማየት የለ፣ መኪና መጣ አልመጣ የለ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው መሆኑንም ያን ጊዜ አያስታውሰውም።

አንድ ቀን ጠዋት ደወለልኝ። "ዋርሳዬ፣ ክላክሱ ዝም አለ። ድረስልኝ!"

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ክላክስ ከሻይ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው ብዬ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ፊውዙን አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው" አለኝ ፍርጥም ብሎ።

ሹፌር ነው፣ ያውቃል ብዬ አመንኩት። ሰው ግን ፊውዝ አየሁ ሲላችሁ አትመኑ።

እህቴን ወደ ጎን ወንበር አዛወርናት። ክላክሱን ፈትቼ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ሳገናኘው ሰፈሩን አናጋው። አጠገቤ የቆመው ባልየው ሊሮጥ ተነሳ።

"ወዴት ነው? እዚሁ ነህ እኮ!" አልኩት።

ክላክሱ ጤነኛ ከሆነ ችግሩ ኤሌክትሪኩ እሱ ጋ አለመድረሱ ነው። ኤሌክትሪኩን ወደ ክላክሱ የሚያሳልፈውን ሪሌ በሌላ ቀየርኩ፤ ዝም። ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ዝገቱን ፍቄ አጠበቅሁ፤ ዝም። የመሪውን ክዳን አንስቼ የሚጫኑትን ቁልፍ ፈተሽኩ፤ ምንም አልሆነም። ይህን ሁሉ ስሠራ እህቴ ግራ እጇን ሹራቧ ኪስ ከትታ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እኔ ላቤ ጠብ እያለ ነው፤ ንዴቴም እየመጣ ነው።

"ፊውዙን በየትኛው ዓይንህ ነው ያየኸው?"

"በዚሁ ነዋ!"

"በመነጽር?"

ደረቱን ዳበሰ። መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ከመሪው ሥር፣ በሹፌሩ ጉልበት በኩል ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፈትኩ። የክላክሱ ቦታ ባዶ ነው። አልተቃጠለም፣ አልላላም፤ ጭራሹን የለም። ፊውዝ ደግሞ እግር አውጥቶ አይሄድም። ከዚህ በፊት ክላክሱ ዝናብ ገብቶበት አልቆም ብሎ ሲጮህ፣ ባልየው እህቴ ፊት ይህንኑ ፊውዝ ነቅሎ ነበር ጸጥ ያሰኘው። ዞር ብዬ አየኋት።

"እታለም፣ አንቺ ነሽ?"

እጇን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችልኝ። ፊውዙ መዳፏ ላይ ነበር።

"ለምን?" አላት ባልየው። "ብትታመሚ በምን ልሰማሽ ነው?"

እሷ በጣቷ አስፋልቱን አሳየችው፤ ቀጥላ ጉልበቱን። ሱሪው ጉልበቱ ጋ ተቀዶ፣ እሱው ራሱ እንደ ነገሩ ሰፍቶታል።

እያፈረ ነገረኝ። በቀደም ክላክሱን ሰምቶ ሲሮጥ አንድ የጭነት መኪና አፍንጫው ሥር ፍሬን ያዘ። ወደቀ፣ ተነሳ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ገብቶ "ምን ልታዘዝ?" አላት። እሷ የጠራችው ፀሐይ ስለመታት መጋረጃውን እንዲስብላት ነበር። አወዳደቁን ያየችው እዚያው መሪው ኋላ ተቀምጣ፣ እጇ ክላክሱ ላይ እንዳለ ነው። እህቴ አንጀቴን በላችው። ያላት ድምፅ ክላክሱ ብቻ ነበር፤ ለባሏ ስትል ፊውዙን ነቀለች።

"ሁለተኛ አልሮጥም" አለ ባልየው። ጭንቅላቷን በእምቢታ ነቀነቀች። ቃሉን ድሮም ታውቀዋለች።

"እንግዲያው ፈትኚኝ!" ብሎ መንገዱን ተሻግሮ ችግኞቹ መሃል ገባ።

እህቴን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ፊውዙን ግን በራሴ ሥልጣን አልነካሁም፤ ጠበቅኋት። ብዙ ቆይታ ሰጠችኝ፤ ሰካሁት። ተጫነች።

ማዶ ባልየው ቱቦውን ጣለና ዘለለ። ከዚያ ልክ ገመድ እንደያዘው ሰው ቀጥ አለ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። እህቴ ጨክና እንደገና ተጫነች፤ አሁን ረዘም አድርጋ። እሱ ንቅንቅ አላለም፤ አንድ የጭነት መኪና አሳለፈ፣ ሚኒባስ አሳለፈ፣ ከዚያ እያነከሰ ቀስ ብሎ ተሻገረ። እህቴ በሚታዘዝላት የአፏ ጎን ሳቀች።

በሩ ላይ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ያን ሁሉ ጊዜ ሲሮጥ አንድም ቀን እንዲህ አልቦት አያውቅም።