ሸክላ ሠሪዋ የክርስትና እናት

ይህን መጻፍ ተገቢ መሆኑን እጠራጠራለሁ። እናቴ ሕፃን አቅፋ የሰው ደጃፍ መሻገሯ ለአንባቢ ምን ይጠቅመዋል? ለእኛ ለሸክላ ሠሪዎቹ ግን ትልቅ ነገር ስለሆነ እሞክራለሁ።

በአሪ ምድር ከገዘር ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የካቶሊክ ጸሎት ቤታችን እንደ አሪ ቤት ክብ ነው። ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ መዝሙሩን የሚያጅበው የቀርከሃ ዋሽንት ነው። ሕፃናት የሚጠመቁበትን ጋን የሠራችው ደግሞ እናቴ ናት።

ገበሬዎቹ የእኛን ማሰሮ ገዝተው ይጠቀሙበታል፤ ሠሪዋን ግን ቤታቸው አያስገቧትም፣ አብረዋትም አይበሉም። በጸሎት ቤቱ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናስቀድሳለን፤ ስንወጣ ሁላችንም በየመንገዳችን ነን።

ሁልጊዜ ከእናቴ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት የገበሬ ሚስት ወንድ ልጅ ወለደችና እናቴን የክርስትና እናት ሁኚው አለቻት። የባሏ አባት ይህን ሲሰሙ እናቴን ጸሎት ቤቱ ደጅ ላይ አስቆሟት።

«ጋንሽን ተቀበልን። አሁን ደግሞ አንቺን ልንቀበል ነው?»

«ምን ላድርግ አባባ፣ ጋኑ ልጅ ማቀፍ አይችል» አለች።

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጁን ክርስትና አንሺ፤ ቤቴ ግን አትገቢም» ብለው ሄዱ።

በእኛ ምእመናን ልማድ የክርስትና እናት የተጠመቀውን ልጅ እስከ ቤቱ አቅፋ ትወስዳለች፤ ለእናቱ የምታስረክበውም ምድጃው አጠገብ ነው። ሽማግሌው ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም።

የጥምቀት በዓል ዕለት ልጁ እንደተጠመቀ ዋሽንት ነፊዎቹ ከፊት፣ እናቴ ልጁን አቅፋ ከመካከል፣ እኛ መዘምራን ከኋላ ሆነን ሄድን። ሽማግሌው አጥሩ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ወዲህ በይው።»

እናቴ አልሰጠቻቸውም፤ ከቤት ወጥታ ከሽማግሌው ኋላ ወደ ቆመችው የልጁ እናት ዞር አለች።

«አባቴ፣» አለች የልጁ እናት፣ «አጥር ላይ የምንቀበለው የገዛነውን ማሰሮ ነው። ልጄ ማሰሮ አይደለም።»

ዋሽንቱ ቆመ። ነፋሱ በርትቶ ነበርና ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ሽማግሌው እሱን አዩ፣ እናቴን አዩ።

«ልጁን ብርድ ይመታዋል። ግቢ» አሉ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ገባች፤ ልጁንም ምድጃው አጠገብ ለእናቱ አስረከበች። በርጩማ ሰጧት፤ ሽማግሌውም ቆጮውን ቆርሰው ከራሳቸው ገበታ አቀረቡላት። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ እመለከታት ነበር።

«አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

በዚያ ቤትና በእኛ ቤት መካከል ለየብቻ መብላት ያበቃው ጥር 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው።