በማንጎው ሥር የነበረው ሙዚቃ ቤት

ባለፈው ጥቅምት ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስመለስ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። ከመንገዱ ዳር ማሽላ ተዘርቶ ነበር። ባለቤቱ ወፍ እንዳይጨርስበት ከእንጨት ወደ እንጨት የካሴት ክር ወጥሮበታል። ነፋስ ሲነካው ቡናማው ክር በፀሐዩ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ እንደ ንብም ያጉረመርማል። ሹፌሩ ጎማውን ቀይሮ እስኪጠራን ድረስ እዚያው ቆሜ ሳዳምጠው ቆየሁ። ከዚያ እስከ ከተማው ድረስ ያሰብኩት ስለ ሙዚቃ ቤቱ ብቻ ነበር።

አሁን ብትሄዱ አታገኙትም። ክፍሉ አለ፤ ሞባይል ይጠገንበታል። ያኔ እኔ ተማሪ ሳለሁ፣ ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ትልቅ ማንጎ ሥር ያለ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ካሴት ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት የሱዳን ዘፈን ያሰማል፤ ከቀትር በኋላ ያማርኛ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ በየመንደሩ ሠርግ እየዞረ ራሱ የቀዳው የቅል ጡሩንባ ጨዋታ ይመጣና ገበያተኛው ሸክሙን እንደተሸከመ ይቆማል። ውስጡ በሙቀት የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። በማንጎ ወራት፣ ከዛፉ ወድቆ የፈረጠው ፍሬ ጣፋጭ ሽታ ይጨመርበታል።

ባለቤቱ የበርታ ሰው ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ጀለቢያ የማይለየው። አማርኛ የለመደው ካደገ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። እኔን ሴቷን «አንተ ተማሪ፣ ና ግባ» ሲለኝ ጓደኞቼ በሳቅ ይሞቱ ነበር። እኔ ግን እንዲያስተካክለው ፈልጌ አላውቅም።

አባቴ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ወቅት፣ ገና ሚስት ሳያገባ መኪና ላይ ጭነው አመጡት። እናቱ «ያባቶቼን መቃብር ትቼ የትም አልሄድም» ብላ ቀረች፤ አሥር ዓመት ያልሞላት እህቱም ከእናቷ ጋር ቀረች። «ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ» ብሏቸው ነበር። አንዱን ዓመት በሬ ይሞታል፣ አንዱን ዓመት ልጅ ይታመማል፤ እንዲህ እንዲህ ሲል እኔ ሁለተኛ ደረጃ ደረስኩ፣ እሱ ግን አልሄደም። ደብዳቤ እንጻፍላት ስለው «ደብዳቤ የሌላ ሰው አፍ ነው» ይለኛል። ፊደል አልቆጠረም፤ እናቱም እንደዚያው።

አንድ ቅዳሜ ካሴት ላስቀዳ ስገባ አባቴ ተከተለኝ። አንድ ሽማግሌ ጥጉ ላይ ተቀምጦ በበርታኛ ወደ ቴፑ ሲያወራ አገኘነው። ድንበሩ ላይ፣ ኩርሙክ ላለው ልጁ የሚልከው ነው አለን ባለ ሙዚቃ ቤቱ። አባቴ እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ «ወሎም ይደርሳል?» አለ።

«ካሴት እግር የለውም» አለው ባለ ሙዚቃ ቤቱ። «ሰው ካለ ይደርሳል።»

ሰው ነበር። በርበሬ የሚያመጣ የወሎ ነጋዴ በየጥቂት ወሩ ይመላለስ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ የታጠበ ጋቢ ለብሶ መጣ። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ዘጋ፤ ደንበኞቹን አስወጣ። የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን ካሳየኝ በኋላ «እሱ ለእናቱ ነው የሚያወራ፤ እኔ መስማት የለም» ብሎ እሱም ወጣ፤ በሩን ከውጭ ገጠመው። በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የገባው ብርሃን የአባቴ ጋቢ ላይ ነጠብጣብ ሠራ። ቁልፉን ተጫንኩት። ክሩ መዞር ጀመረ። አባቴ ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሎ ቀረ። እጄን አወዛውዤ «ተናገር» አልኩት።

«እማ» አለ። «እኔ ነኝ። ልጅሽ ነኝ።»

ድምፁ የማውቀው ድምፅ አልነበረም፤ የልጅ ድምፅ ነበር። ስለ ራሱ ብዙም አልነገራት። የጓሮው ወይራ እንዳለ ጠየቃት። የደረቀው ምንጭ ተመልሶ እንደሆነ ጠየቃት። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየጠራ እንዴት ናቸው አለ። «እመጣለሁ ብየሽ ነበር» አለና ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ትልቋ ልጄ ይቺው አጠገቤ ናት፤ ቁርጥ አንቺን» ሲል እኔ የቴፑን ቁልፎች እያየሁ አለቅስ ነበር።

ነጋዴው ካሴቱን ይዞ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስወጣ በሙዚቃ ቤቱ በኩል ማለፍ ጀመርኩ። «መጣ?» እለዋለሁ። «አልመጣም፣ ነገ ጠይቅ» ይለኛል። አንድ ሐሙስ ስጠይቀው ዓይኔን አላየኝም። እጁ ላይ ያለውን ካሴት በእስክሪብቶ እየጠነጠነ «አልመጣም» አለኝ። ነገ ጠይቅ አላለኝም።

ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ስንሄድ ሙዚቃ ቤቱ ዝግ ነበር። በገበያ ቀን ተዘግቶ አያውቅም። አባቴ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳና «ታሞ ይሆናል፤ በሚቀጥለው እንጠይቀዋለን» አለ። አብሬው ወደ ሠፈራ መንደራችን ተመለስኩ።

እሑድ በማለዳ ውሻችን ጮኸ። አባቴ በሬዎቹን ሊያወጣ በረት አጠገብ ቆሞ ነበር። ከጎረቤት ቤት አራት የመንደራችን ሽማግሌዎች ተሰልፈው ሲመጡ አየናቸው፤ ከሁሉም ኋላ፣ ጀለቢያው ከወገቡ በታች በጤዛ ርሶ፣ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ነበር። አባቴ ሽማግሌዎቹን ምን እግር ጣላችሁ አላለም። የያዘውን ገመድ ለቀቀና እሱን ብቻ አየው።

«ካሴቱ መጣ?» አለው።

«መጣ፣ አኹይ» አለው። አኹይ ወንድሜ ማለት ነው፤ አባቴን እንደዚያ ሲለው ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሰማሁት።

አባቴ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ማንም ገና አልነገረውም።

ነገሩን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት። ካሴቱ መንገድ ላይ ክሩ ተጣምሞ ስለነበር ባለ ሙዚቃ ቤቱ አስተካክሎ ሲሞክረው የአክስቴን ድምፅ ሰማ። አክስቴ መርዶውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነበር ያለችው። አባቴ ለብቻው ጆሮውን ቴፕ ላይ ደፍቶ የእናቱን ሞት ከማሽን እንዲሰማ አልፈለገም። የወሎ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠያይቆ፣ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ፣ መንደራችን ድረስ በእግሩ መጥቶ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። እዚያው ጎረቤት አደረ። ለሦስት ቀን ከለቅሶው አልተለየም። የማያውቃትን ሴት እንደ ዘመድ አለቀሳት።

እኔ ግን ተቆጥቼው ነበር። ዓይኔን ሳያይ የዋሸኝን ሐሙስ ልረሳለት አልቻልኩም። ሲሄድ መንገድ ላይ ጠብቄ «ለምን አልመጣም አልከኝ?» አልኩት። ቆመና «አንተ ልጅ ነው» አለኝ። «ይሄን ተሸክሞ አባቱ ጋ መሄድ ለልጅ ከባድ ነው።»

ከአርባው በኋላ አባቴ ሙዚቃ ቤቱ ገብቶ «አሰማኝ» አለው። ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። እኔም ነበርኩ። አክስቴ ወሬዋን ጀመረች። «ወንድምዓለም፣ እናታችን ካረፈች ስምንት ወሯ ነው። ካሴትህ ሲመጣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተን ሰማንህ፤ እንደገና አለቀስን። ወይራው አለ። ምንጩም ተመልሷል።» አባቴ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር። ድንገት ብድግ አለ።

«እናቴ ናት» አለ።

«እህትህ ናት» አለው ባለ ሙዚቃ ቤቱ።

«አይደለም። ስማ እንጂ። ይህ የእናቴ ድምፅ ነው።»

ሕፃን ሳለች የተዋት እህቱ አድጋ የእናቷን ድምፅ ወስዳው ነበር። አባቴ አንዴ ሲስቅ አንዴ ሲያለቅስ፣ ካሴቱ እስኪያልቅ እንደቆመ ሰማ።

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ገበያ በመጣ ቁጥር ይገባል። በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ሳይጠየቅ ካሴቱን ያወርዳል። ክሩ እንዳያልቅ ብሎ ሁለት ጊዜ በአዲስ ካሴት ገልብጦታል። አንዱ የአማርኛ ዘፈን ሊገዛ የመጣ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ቢጠብቅ ግድ የለውም።

እኔ ኮሌጅ ጨርሼ እዚያው አሶሳ ማስተማር ስጀምር ዘፈን በሞባይል ሚሞሪ መሞላት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ወጣቶቹ ቀሩ፤ ቀጥሎ ገበያተኛው ቀረ። ኮምፒውተር ግዛ ሲሉት ባለ ሙዚቃ ቤቱ «እኔ ዘፈን በጆሮና በእጅ ነው የማውቅ» ይላል። በመጨረሻ ወደ ዘመዶቹ፣ ወደ መንጌ፣ ሊሄድ መሆኑን ለአባቴ በእኔ በኩል ላከበት።

ስንደርስ ግድግዳው ባዶ ነበር። ካሴቶቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ቆርቆሮው አዲስ ይመስላል። አንድ ቴፕና አንድ ካሴት ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀርተዋል።

«አኹይ፣ ይሄ ያንተ ነው» አለው። «ቴፑም ውሰድ።»

አባቴ ካሴቱን አንስቶ አገላበጠው። ብዙ ካሰበ በኋላ መልሶ ዘረጋለት።

«እቤቴ ወስጄ ብቻዬን እንዴት አድርጌ ነው የምሰማው?» አለ። «አንተ ያዘው።»

«እኔ ጋ ምን ይሠራል?»

«ትሰማታለሃ። አንተም እኮ ታውቃታለህ።»

ባለ ሙዚቃ ቤቱ ካሴቱን በመሐረቡ ጠቅልሎ ደረቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሦስታችን ሆነን በሩን ገጠምን። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ መናኸሪያው ወረዱ፤ እኔ ከካሴቱ ጋር ወደ መንጌ የሚሄደውን ቴፕ ተሸክሜ ከኋላቸው ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

አባቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። ገበያ ሲመጣ በማንጎው በኩል ማለፍ ተወ፤ በወፍጮ ቤቱ ዞሮ፣ ረጅሙን አቀበት በምርኩዝ ይወጣው ነበር። እኔም ለምን እንደሚዞር ጠይቄው አላውቅም፤ አብሬው እዞር ነበር።